አዲስ አበባ 9 ዲግሪ ሰሜን ላይ ሆና የሐምሌ ነፋስ ለምን ከምዕራብ ይመጣል?

ጥያቄው፦ «ፒያሳ አካባቢ ባለ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። የዓለምን ነፋሳት የሚያሳየው የሦስቱ ሴሎች (የአየር ዑደቶች) ሥዕል ከምድር ወገብ እስከ 30 ዲግሪ ሰሜን ያለውን ሁሉ የሰሜን ምሥራቅ የንግድ ነፋስ ቀጠና ያደርገዋል። አዲስ አበባ 9 ዲግሪ ላይ ናት። በታኅሣሥና በጥር የግቢያችን ባንዲራ እውነትም ወደ ምዕራብ ይውለበለባል። ከሰኔ መጨረሻ ጀምሮ ግን ብዙውን ጊዜ ወደ ምሥራቅና ወደ ሰሜን ምሥራቅ ይዞራል። ሥዕሉ ነው የተሳሳተው ወይስ ከተማችን ልዩ ናት? ነፋስን የሚነዳው የምድር መሽከርከር ከሆነስ አቅጣጫው በዓመት ሁለት ጊዜ እንዴት ይገለበጣል?»

ምላሽ፦

መምህር፣ ባንዲራው ልክ ነው። ሥዕሉም የዓመት አማካይ መሆኑ እስከታወቀ ድረስ ልክ ነው። ችግሩ ኢትዮጵያ የዓመቱ አማካይና የእያንዳንዱ ወር እውነታ በጣም ከሚራራቁባቸው ቦታዎች አንዷ መሆኗ ነው። ከመጨረሻው ጥያቄዎ ልጀምር፤ እሱ ከጠራ ሌላው በራሱ ይፈታል።

የምድር መሽከርከር ነፋስን አይነዳም። ከመሽከርከሩ የሚመጣው የኮሪዮሊስ ኃይል ምንጊዜም ከነፋሱ ጉዞ በ90 ዲግሪ ወደ ጎን ስለሚገፋ በነፋሱ ላይ ሥራ አይሠራም፤ አቅጣጫ ያስቀይራል እንጂ ፍጥነት አይጨምርም። የቆመ አየርንም ማንቀሳቀስ አይችልም። የሚነዳው ሙቀት ነው። ከከባቢ አየር ውጭ ፀሐይን ፊት ለፊት የሚያይ አንድ ካሬ ሜትር 1,361 ዋት ያህል ይቀበላል። ይህ በሉሏ ጠቅላላ ገጽ ላይ ሲከፋፈል 340 ዋት ይሆናል፤ 30 በመቶው ተንጸባርቆ ይመለሳል፣ ወደ 240 ዋት የሚጠጋው ይቀራል። ምድር ወደ ሕዋ መልሳ የምትለቀውም በአማካይ ያንኑ ያህል ነው። ሆኖም ሒሳቡ በየኬክሮሱ አይዘጋም። ከምድር ወገብ እስከ 35 ወይም 40 ዲግሪ ድረስ የሚገባው ከሚወጣው ይበልጣል፣ ከዚያ ወደ ዋልታዎቹ ደግሞ የሚወጣው ይበልጣል። ትርፉን ወደ ጎደለበት የሚያጓጉዙት አየርና ውቅያኖስ ናቸው። ከጠቅላላው ኃይል ወደ ነፋስ እንቅስቃሴ የሚለወጠው በካሬ ሜትር 2 ዋት አካባቢ፣ ማለትም ከ1 በመቶ በታች ነው። የምናያቸው ነፋሳት ሁሉ፣ ማዕበሉም ሆነ የጄት ነፋሱ (ከፍታ ላይ በጠባብ መስመር የሚበረው ፈጣን ነፋስ)፣ በዚህች ቁራጭ የሚኖሩ ናቸው።

ሙቀት እንዴት ግፊት እንደሚሆን ለተማሪ ሲነገር ብዙ ጊዜ አንድ ደረጃ ይዘለላል። «ሞቃት አየር ይወጣል፣ ቀዝቃዛው ቦታውን ይሞላል» ተብሎ ይታለፋል። የተዘለለው ይህ ነው፦ በ1,000 እና በ500 ሄክቶፓስካል ግፊት መካከል ያለው የአየር ንጣፍ አማካይ ሙቀቱ በ1 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲጨምር ውፍረቱ በ20 ሜትር ያህል ያድጋል። ስለዚህ የ500 ሄክቶፓስካል ግፊት በሐሩር ክልል 5,880 ሜትር ገደማ ላይ ሲገኝ፣ በበረዷማው ወራት ዋልታ አካባቢ ወደ 5,100 ሜትር ይወርዳል። አሁን 5,500 ሜትር ላይ አግድም መስመር ያስምሩ፤ በዚያ ከፍታ በሞቃቱ ዓምድ ውስጥ ያለው ግፊት ከቀዝቃዛው ይበልጣል። አየሩ መጀመሪያ የሚሸሸው ከላይ ነው። ከላይ አየር ሲቀንስ ከዓምዱ በታች፣ መሬት ላይ ያለው ግፊት ይወርዳል፤ ከታች ያለው ነፋስ ወደ ውስጥ መንፈስ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። ቅደም ተከተሉ ሙቀት፣ የንጣፍ ውፍረት፣ የላይኛው ፍሰት፣ የታችኛው ፍሰት መሆኑን ተማሪዎች ከያዙ ዝቅተኛ ግፊት ለምን ዝቅተኛ እንደሆነ ዳግመኛ አይጠይቁም።

አሁን ኮሪዮሊስ። ኃይሉ የነፋሱ ፍጥነት በአንድ መለኪያ ሲባዛ ነው፤ መለኪያው የሚሰላው የምድርን የመዞር ፍጥነት (በሰከንድ 0.0000729 ራዲያን) በ2 እና በኬክሮሱ ሳይን በማባዛት ነው። በምድር ወገብ ላይ ዜሮ፣ በ9 ዲግሪ 0.0000228፣ በ45 ዲግሪ 0.000103 ይሆናል። አዲስ አበባ ላይ ያለው ኮሪዮሊስ ሮም ወይም ሚላኖ አካባቢ ካለው ሩብ እንኳ አይሞላም ማለት ነው። ይህ በሥራ ላይ ምን ያህል እንደሚለያይ ያስሉት። በየ100 ኪሎ ሜትሩ 1 ሄክቶፓስካል የግፊት ልዩነት ቢኖር፣ ግፊትና ኮሪዮሊስ ሚዛን የሚጠብቁበት ነፋስ በ45 ዲግሪ በሰከንድ 8 ሜትር ነው። ያው ልዩነት በ9 ዲግሪ 36 ሜትር በሰከንድ፣ ማለትም በሰዓት 130 ኪሎ ሜትር የሚደርስ ነፋስ ይጠይቃል። እንዲህ ያለ የግፊት ልዩነት በእኛ ኬክሮስ ሳይስተካከል ብዙ ሊቆይ አይችልም። የአውሮፓ የአየር ካርታ በእኩል ግፊት መስመሮች ተሞልቶ የምሥራቅ አፍሪካው ባዶ የሚመስለውም ለዚህ ነው። የእኛን ነፋስ ከግፊት መስመር ለማንበብ መሞከር ያሳስታል፤ በቀጥታ የነፋሱን ፍሰት መስመር ማየት ይሻላል።

«ትንሽ ነው» ማለት ግን «የለም» ማለት አይደለም። በሰከንድ 10 ሜትር የሚጓዝ አየር በአንድ ሰዓት 36 ኪሎ ሜትር ሲሄድ በ9 ዲግሪ ላይ ወደ ቀኝ 1.5 ኪሎ ሜትር ገደማ ይወጣል። በቀናት ጉዞ አቅጣጫው ፈጽሞ ይቀየራል። የመታጠቢያ ገንዳ ውሃ በጥቂት ሰከንድ ውስጥ የሚዞርበትን አቅጣጫ የሚወስነው ኮሪዮሊስ ነው የሚለውን ወሬ በዚሁ ቁጥር ማስተባበል ይቻላል፤ ጊዜውም ርቀቱም አይበቃውም።

ሦስተኛው ኃይል ሰበቃ ነው። መሬት አጠገብ ያለውን ነፋስ ያዘገየዋል። ነፋሱ ሲዘገይ ኮሪዮሊስ አብሮ ስለሚቀንስ ግፊት ያሸንፍና ነፋሱ ወደ ዝቅተኛ ግፊት ያጋድላል፤ በባሕር ላይ ትንሽ፣ በተራራማ አገር ብዙ።

እ.ኤ.አ. በ1686 ኤድመንድ ሃሌይ የንግድ ነፋስን በፀሐይ ሙቀት አስረዳ፤ ከምሥራቅ የመምጣቱን ምክንያት ግን አላገኘውም። በ1735 ጆርጅ ሃድሊ የምድርን መሽከርከር ጨመረበት። የሃድሊ ሐሳብ አየሩ ከኬክሮስ ወደ ኬክሮስ ሲሄድ ፍጥነቱን ይዞ ይጓዛል የሚል ነበር። ፍጥነት ቢጠበቅ ኖሮ፣ ከምድር ወገብ ተነሥቶ (እዚያ መሬቱ በሰከንድ 465 ሜትር ይሄዳል) 30 ዲግሪ የደረሰ አየር ከመሬቱ በሰከንድ በ62 ሜትር ብቻ ይቀድም ነበር። የሚጠበቀው ግን የዙረት ሞመንተም (ክብደት፣ ፍጥነትና ከመዞሪያው ዘንግ ያለው ርቀት ተባዝተው) ነው፤ በእሱ ሲሰላ 134 ሜትር በሰከንድ ይመጣል። በእውነት የሚለካው የጄት ነፋስ አማካይ ከ40 እስከ 60 ሜትር አካባቢ ነው፤ ቀሪውን ሞመንተም የመካከለኛ ኬክሮስ ማዕበሎች (ትላልቅ የአየር ሞገዶች) ወስደው ያከፋፍሉታል። የሃድሊ ሴል (በምድር ወገብ አካባቢ ወጥቶ፣ ከላይ ወደ ዋልታ ሄዶ፣ ወርዶ ከታች የሚመለሰው የአየር ዑደት) 30 ዲግሪ አካባቢ የሚያበቃውም አየሩ እዚያ ደርሶ «ስለሚቀዘቅዝ» ብቻ አይደለም። ወደ ዋልታ በሄደ ቁጥር ፍጥነቱ እየገነነ ፍሰቱ ይናጋል፤ በማዕበል ይሰባበራል። በ1856 ዊልያም ፌሬል የጨመረው መካከለኛው ሴል ደግሞ በአብዛኛው የእነዚህ ማዕበሎች አማካይ ውጤት ነው። በሥዕሉ ላይ ከሃድሊው ጋር እኩል ተደርጎ መሳሉ እኔ የማልወደው ነገር ነው፤ ሁለቱ በተለያየ ምክንያት የሚሠሩ ናቸው።

ወደ ሐምሌ እንምጣ። የሥዕሉ ሁለት እኩል የሃድሊ ሴሎች፣ አንዱ በሰሜን አንዱ በደቡብ፣ በዚያ መልክ በሙሉ የሚታዩት መጋቢትና መስከረም አካባቢ ለአጭር ጊዜ ነው። በሐምሌ አንድ ትልቅ ሴል የምድር ወገብን ተሻግሮ ይንሰራፋል፦ አየሩ የሚወጣው በሰሜን ንፍቀ ክበብ፣ የሚወርደው በደቡቡ 20 እና 30 ዲግሪ መካከል ነው። የነፋሳት መገናኛ ቀጠናም (የሰሜኑና የደቡቡ ነፋሳት ተገናኝተው አየሩ የሚወጣበት) ከምድር ወገብ ላይ ተነሥቶ ከአዲስ አበባ ሰሜን ያልፋል። ስለዚህ በክረምት አዲስ አበባ ከቀጠናው በስተ ደቡብ፣ በዚህ ትልቅ ሴል ውስጥ ናት፤ የሚደርሳትም አየር መነሻው ደቡብ ንፍቀ ክበብ ነው።

እርሳስ ይዘው ከተማሪዎችዎ ጋር አንዱን አየር ይከተሉ። ከማስካሬን ከፍተኛ ግፊት ይነሡ፤ ከማዳጋስካር ደቡብ ምሥራቅ፣ 30 ዲግሪ ደቡብ አካባቢ ያለው ነው። እዚያ ኮሪዮሊስ ወደ ግራ ይገፋል፣ ስለዚህ ወደ ሰሜን የሚሄደው አየር ወደ ምዕራብ ያዘነብላል፤ የደቡብ ምሥራቅ ነፋስ ሆነ። የምድር ወገብን ሲያቋርጥ ኮሪዮሊስ ዜሮ ይሆንና የሚገፋው የግፊት ልዩነቱ ብቻ ይሆናል። ካለፈ በኋላ ግን ኮሪዮሊስ ወደ ቀኝ ይገፋል፤ ያው አየር ወደ ምሥራቅ ይጠመዘዛል፣ የደቡብ ምዕራብ ነፋስ ይሆናል። የነፋሱ አቅጣጫ የተገለበጠው ምድር መዞሯን ስለቀየረች አይደለም፤ አየሩ የኮሪዮሊስ ምልክት የሚቀየርበትን መስመር ስለተሻገረ ነው። ተማሪዎች በብዛት የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ ከደቡብ ንፍቀ ክበብ ጀምሮ ሁሉንም ወደ ቀኝ ያጥፋሉ፣ ከዚያ ቀስታቸው ሕንድ ውቅያኖስ መሃል ይቀራል።

ይህ ፍሰት በኬንያና በኢትዮጵያ ደጋዎች ምሥራቃዊ ግድግዳ ተገፍቶ ይጠባል፤ ከ1 እስከ 1.5 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ በሰከንድ 15 እስከ 25 ሜትር የሚበር የሶማሊያ ጄት የሚባለው ነፋስ ይሆናል። ዝርዝሩን እ.ኤ.አ. በ1969 ያሳየው ፊንድላተር ነው። ይህ ጄት ግን በቀጥታ ወደ አዲስ አበባ አይገባም፤ አብዛኛው በዐረብ ባሕር ላይ አልፎ ሕንድ ይደርሳል። እንዲያውም ከሥሩ ያለው ኦጋዴን በክረምት ደረቅ ነው። ነፋሱ ከባሕሩ ዳርቻ ጋር ትይዩ ስለሚሮጥ የላይኛውን ውሃ ከዳርቻው ያርቃል፣ ቀዝቃዛ ውሃም ከጥልቁ ይወጣል፤ የቀዘቀዘ ባሕር ደግሞ ደመና አያሳድግም። የዚያ አካባቢ ዝናብ ከመጋቢት እስከ ግንቦት እና ከጥቅምት እስከ ኅዳር የሚጥለው በሽግግሩ ወቅት መሆኑ ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው።

እኛ የምናየው የምዕራብ ነፋስ ሌላ ቅርንጫፍ ነው። በደቡብ አትላንቲክ ካለው የሴንት ሄለና ከፍተኛ ግፊት የሚነሣው አየር በጊኒ ባሕረ ሰላጤ ላይ የምድር ወገብን ያልፋል፣ በዚያው ሕግ ወደ ምሥራቅ ይታጠፋል፣ በኮንጎ ደኖች ላይ እርጥበቱን ሲጥልና ሲያነሣ ቆይቶ በጋምቤላ በኩል የኢትዮጵያን ደጋ ይወጣል። በሐምሌና በነሐሴ ከምዕራብ የሚመጣውን ነፋስ የሚያመጣው ይህ ነው። እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ፦ «የክረምት ዝናባችን ሁሉ ከአትላንቲክ ነው» ብለው አያስተምሩ። ከሕንድ ውቅያኖስ፣ ከቀይ ባሕርና ከዐረብ ምድር አካባቢ በሰሜን ምሥራቅ በኩል የሚደርስ እርጥበትም ድርሻው ትልቅ ነው። ሁለቱ ፍሰቶች ደጋው ላይ ይገናኛሉ፤ የነፋሱ አቅጣጫና የውሃው ምንጭ አንድ ላይሆኑ ይችላሉ።

ከላይስ? ከ12 እስከ 15 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ በክረምት ነፋሱ ተቃራኒ ነው፤ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ይበራል። የሐሩር ምሥራቃዊ ጄት ይባላል፤ በቲቤት አምባና በደቡብ እስያ ሞንሱን (ወቅታዊ ነፋስና ዝናብ) የሞቀው የአየር ዓምድ የሚያስነሣው ሲሆን ከሕንድ ደቡብ እስከ ምዕራብ አፍሪካ በኢትዮጵያ ሰማይ ላይ ያልፋል። ይህ ጄት ሲጠነክር የኢትዮጵያ ደጋ ክረምትም ብዙውን ጊዜ ጥሩ ይሆናል፣ ሲደክም ዝናቡም ይደክማል። ኤልኒኞ (የምድር ወገብ ፓስፊክ ውቅያኖስ ከወትሮው በላይ መሞቅ) የክረምታችንን ዝናብ የሚጎዳበት አንዱ መንገድ ይኸው ነው፤ ፓስፊክ ላይ አየሩ የሚወጣበት ቦታ ሲቀየር የእስያው ሞንሱንና ጄቱ ይዳከማሉ። እ.ኤ.አ. በ2015 የሆነው ድርቅ በዚህ ዓይነት ዓመት የደረሰ ነው።

በጋው ቀላል ነው። በጥር ሴሉ ተገልብጦ መውጫው ከምድር ወገብ ደቡብ ይሄዳል። አዲስ አበባ በሰሜናዊው ክንፍ ውስጥ ትገባለች፤ ከዐረብ ምድር ከፍተኛ ግፊት የሚነሣው ደረቅ አየር ከምሥራቅና ከሰሜን ምሥራቅ ይደርሳል። የመማሪያው ሥዕል ከባንዲራዎ ጋር የሚስማማው በዚህ ጊዜ ነው። በልግ የሁለቱ ሽግግር ነው፤ ከኤደን ባሕረ ሰላጤና ከሕንድ ውቅያኖስ የሚገባው የምሥራቅ እርጥበት ከሰሜን ከሚወርድ የመካከለኛ ኬክሮስ ቀዝቃዛ አየር ጋር ሲገናኝ ይዘንባል፤ ካልተገናኘ አይዘንብም። ከሦስቱ ወቅቶች ለመተንበይ አስቸጋሪ የሆነውም ስለዚህ ነው።

ባንዲራን በተመለከተ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ነፋስ በደንቡ የሚለካው በ10 ሜትር ከፍታ፣ ከማንኛውም ከለላ ቢያንስ የከለላውን ቁመት 10 እጥፍ በራቀ ክፍት ቦታ ነው። ብሔራዊ ቴአትር አጠገብ ያለው የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሕንፃ ከ200 ሜትር በላይ ስለሆነ በዚህ ደንብ 2 ኪሎ ሜትር መራቅ ያስፈልጋል፤ በመሃል ከተማ ደንቡን የሚያሟላ ቦታ የለም ማለት ይቻላል። ቸርችል ጎዳናን የመሰለ ረጅም መንገድ ነፋሱን በራሱ መስመር ይነዳዋል። ማታ ደግሞ ከእንጦጦ የቀዘቀዘ አየር ወደ ከተማው ይወርዳል፤ ጧት ጭሱ ፒያሳ ላይ ዝቅ ብሎ የሚተኛው በዚህ የተረጋጋ ንጣፍ ውስጥ ነው። ፀሐይ መሬቱን አሙቃ ንጣፉ የሚሰበረው ከጧቱ 3 እስከ 4 ሰዓት አካባቢ ሲሆን፣ የላይኛው ነፋስ ወደ ታች የሚደርሰው ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ ተማሪዎችዎ አቅጣጫ የሚመዘግቡ ከሆነ ከቀኑ 7 እስከ 9 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ ከጣሪያ በላይ ያለ ባንዲራ እያዩ፣ ቢያንስ ለሁለት ሳምንት ይመዝግቡ። የጧት ንባብ ስለ እንጦጦ ይነግራቸዋል እንጂ ስለ ዓለም ነፋሳት አይነግራቸውም። ነፋስ የሚጠራው በመጣበት አቅጣጫ መሆኑንም ቀድመው ይንገሯቸው፤ ባንዲራው ወደ ምዕራብ ከዘረጋ ነፋሱ የምሥራቅ ነው።

በስልክ ካርታ የሚያዩ ከሆነ የግፊት ደረጃውን በጥንቃቄ ይምረጡ። ብዙዎች የሚከፍቱት 850 ሄክቶፓስካልን ነው፤ ያ ደረጃ 1,500 ሜትር አካባቢ ሲሆን አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ የመሬቷ ግፊትም 770 አካባቢ ነው። ካርታው እዚያ ላይ የሚያሳየው ቀስት ኮምፒዩተሩ ከመሬት በታች ገምቶ የሞላው ነው። ለአዲስ አበባ 700 ሄክቶፓስካልን ይጠቀሙ፤ ወደ 3,100 ሜትር ስለሆነ ከእንጦጦ ጫፍ ጋር ተቀራራቢ ነው። የ850ውን ካርታ ለጋምቤላ ቆላና ለሶማሊያ ባሕር ያስቀምጡት፤ የክረምቱ መግቢያ እዚያ ላይ በግልጽ ይታያል። ነፋስን በሚያሳየው ላባ ባለው የካርታ ምልክት አጭሩ ሰረዝ 5 ኖት፣ ረጅሙ 10፣ ሦስት ማዕዘኑ 50 ነው፤ አንድ ኖት በሰከንድ ግማሽ ሜትር ያህል ነው። ላባው ያለበት ጫፍ ነፋሱ የመጣበት ወገን ነው።

የክረምቱ የምዕራብ ንጣፍ ቀጭን መሆኑን አይርሱ። በ700 ላይ ብዙ ቀን ደካማ ነው፤ አንዳንድ ቀን ከምሥራቅ ይሆናል፣ 500 ላይ ሲደርስ ከምሥራቅ መሆኑ የተለመደ ነው። ሐምሌ ላይ ለሦስት አራት ቀን የመሬቱም ነፋስ ተቀይሮ ከምሥራቅ መጥቶ ዝናቡ ከቀነሰ፣ አስቀድመው በጋምቤላ ያለውን የ850 ፍሰት፣ ቀጥሎም በ150 እና በ200 ሄክቶፓስካል ያለውን ምሥራቃዊ ጄት ይመልከቱ። ሁለቱም ደክመው ከሆነ የዝናቡ መቋረጥ ጥቂት ቀናት ሊቆይ ይችላል፤ ሁለቱም ጠንክረው ከቆዩ ግን ያዩት የሰፈር ነፋስ ሊሆን ስለሚችል በማግስቱ ከሰዓት በኋላ መልሰው ያረጋግጡ።